ጠጪን የመመለስ ሥርዓት፤ ከጭድ ተራ እስከ አማኑኤል

በአዲስ አበባ ከተማ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ለብዙ ዘመን በቅድሚያ የሚያሰናዳቸው ነገሮች ሦስት ነበሩ፤ እነዚህም የባሕር ዛፍ እንጨት፣ አፈርና የጤፍ ጭድ ናቸው። ግድግዳው ቆሞና ተማግሮ ካለቀ በኋላ በጭቃ ይመረጋል። ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ጭድ ተነስንሶበት በእግር ይረገጣል፤ ለጥቂት ቀናትም እንዲብላላ ተትቶ እንደ ገና ይቦካል። ጭዱ ለከብት መኖና ለፍራሽም ያገለግላል። በመርካቶ ይኸው ሸቀጥ ይሸጥበት የነበረው ስፍራ ጭድ ተራ ተባለ፤ እንደ በርበሬ ተራ፣ እንደ ሸማ ተራና እንደ ሚስማር ተራ ሁሉ ስሙን ያገኘው ከገበያው ነው።

ጭድ ባለበት ተሸካሚ፣ አህያ ነጂ፣ ጭቃ ረጋጭና መራጊ አይጠፉም። የእነዚህ ሠራተኞች ድካም ዋጋ የሚከፈለው በዕለቱ ስለሆነ፣ ሲመሽ በእጃቸው ያለው ጥሬ ገንዘብ ከቤት ከመድረሱ በፊት በመንገዱ ላይ ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤትና አረቄ ቤት ይጠብቁት ነበር። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ «ጠላ አለ» ለማለት በቂ ማስታወቂያ ነበር። ከሚገቡት አብዛኞቹ ድካማቸውን አሳልፈውና ተጨዋውተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ጥቂቶች ግን ዛሬም ነገም እዚያው ይገኛሉ፤ ውለው አድረውም ከሥራ፣ ከትዳርና ከወዳጅ ይርቃሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነዚህን ጥቂቶች ለመመለስ የተነሡት ሰዎች ናቸው። ሚስትና ወንድም፣ የጋብቻ ዋስ፣ የንስሐ አባት፣ የእድር ዳኛ፣ በመጨረሻም የመንግሥት ዳኛና ሐኪም በየተራ የጠጪውን ደጃፍ አንኳኩተዋል። እያንዳንዱ የመጣው የራሱን መሣሪያ ይዞ ነው፤ የሌላውን መሣሪያ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር። ይህም አለመተዋወቅ አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ደርሷል።

መጠጥ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በቤተ መንግሥት ስለሚጠጣው የማር ጠጅ ጽፏል። ጠጅ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ሲቆይ፣ ገበሬው ከገብስ፣ ከዳጉሳ ወይም ከሌላ እህል በጌሾ የተጠመቀውን ጠላ ይጠጣ ነበር። ጠላ እንደ አጠማመቁ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ገደማ አልኮል ይኖረዋል፤ ጠጅ ከ7 እስከ 14 ሊደርስ ይችላል፤ ደኅና ተደርጎ የወጣ የቤት አረቄ ግን 40 ገደማ ይሆናል፤ ዳግም የተባለው ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ይህን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጠላ በዓመት በዓል፣ በማኅበርና በደቦ የሚጠጣ፣ ለመጥመቅም ቀናት የሚፈጅ መጠጥ ነው። አረቄ ግን ከደብረ ብርሃንና ከአርሲ ነገሌ በጀሪካን ተጭኖ መጥቶ፣ በመለኪያ ተቀድቶ፣ በማለዳ ባዶ ሆድ የሚጠጣ ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል ለጠላና ለጠጅ ሰካራም የተበጀው የምክርና የእርቅ ሥርዓት በከተማ ውስጥ ካልተበጀለት በሽታ ጋር ተገናኘ ማለት ይቻላል።

ያ ሥርዓት ምን ይመስል ነበር? በገጠር የጠጪ ቤት ችግር ወደ አደባባይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሚስት አቤቱታ ነው። አቤቱታዋ ውስጥ መጠጥ የሚለው ቃል ላይነሣ ይችላል፤ በሬው ተሸጠ፣ እህሉ ገና በማሳ ሳለ በአራጣ ተያዘ፣ ልጁ ያለ ጥፋቱ ተደበደበ የሚል ነው። በሰማንያ ጋብቻ ውል ሲደረግ በሁለቱም ወገን ዋስ ይቆም ስለ ነበር፣ የተበደለች ሚስት በቅድሚያ የምትሄደው ወደ ባሏ ዋስ ዘንድ ነው። ዋሱም ቃሉ የተያዘበት ሰው በመሆኑ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ሁለት ወይም ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ይዞ በማለዳ፣ ባለቤቱ አፉን ሳይሽር ይመጣል። በማለዳ የሚመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከቀትር በኋላ የተነገረውን ነገ የሚያስታውሰው አይገኝም።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ተመርቆ፣ ጨዋታ ተጀምሮ፣ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ከተወራ በኋላ ነው ነገሩ የሚነሣው። ስድብ አይነገርም። ጠጪው በአባቱ ስም ይጠራል፤ አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ፣ እርሱም በጉብዝናው ጊዜ ምን እንደ ሠራ ይተረካል። ከዚህ በኋላ ሚስት ወይም ታላቅ ወንድም ያየውን ይናገራል፤ በሬው የተሸጠው በየትኛው ገበያ፣ በስንት ብር፣ በማን ፊት እንደ ሆነ ሳይቀር ይዘረዘራል። ጠጪው ቢክድ ምስክር አለ፤ ቢቆጣ ሽማግሌ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሽማግሌ አኩርፎ የሄደበት ቤት ደግሞ ለቀብርም ለሠርግም ሰው አይመጣለትም። በመጨረሻ ጥፋቱን አምኖ ዋስ ይጠራል፤ ዳግመኛ ቢገኝ የሚከፍለው መቀጫም ይወሰናል።

አንባቢ ልብ እንደሚለው፣ ይህ ሥርዓት ጠጪውን የሚጠይቀው ስለ ጥፋቱ እንጂ ስለ መጠጡ ብዛት አልነበረም። ጥንካሬውም ድካሙም ከዚሁ ይመነጫል። ጥንካሬው ሰውየውን ሳያዋርድ በተጨባጭ ነገር መያዙ ነው፤ «ሰካራም ነህ» ሲባል የሚሟገት ሰው «በሬው የት ደረሰ?» ሲባል መልስ ያጣል። ድካሙ ግን ማንም ሰው ሳይጎዳ፣ ምንም ንብረት ሳይሸጥ፣ በዝምታ እየጠጣ የሚሞተውን ሰው የሚያነሣበት መንገድ ስለሌለው ነው።

የሽማግሌ ቃል ሳይዝ ሲቀር የንስሐ አባት ይጠራል። ግዝት የሚባለው ማሰሪያ በአማርኛ ተናጋሪው ክርስቲያን ዘንድ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ነው። ካህኑ በእግዚአብሔር ስም «ከዚህ ነገር እንዳትደርስ» ብሎ ይገዝታል፤ ወይም ሰውየው ራሱ በታቦት ስም ተገዝቶ ስለት ይገባል። የዚህን ማሰሪያ ሥራ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚመለከት ሰው ከጠቀሜታው ግማሹን ሳያይ ይቀራል። በኢትዮጵያ ባህል የቀረበን መጠጥ መመለስ አቅራቢውን ማስቀየም ነው፤ «ጠጣ፣ ጠጣ» ማለት የአስተናጋጅ ግዴታ፣ እምቢ ማለት ኩራት ተደርጎ ይቆጠራል። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ መጠጥ የተወ ሰው በየሠርጉና በየተዝካሩ ከዘመዱ ጋር ይጣላል። «ተገዝቻለሁ» ሲል ግን ሁሉም ይተወዋል፤ ደግሞ የሚጠይቀው የለም። ግዝት ለጠጪው ከአስተናጋጁ የሚከላከልለት ጋሻ ሆኖ አገልግሏል፤ ዛሬም የሱስ ሐኪሞች ለታካሚዎቻቸው መጠጥን እንዴት እምቢ እንደሚባል በልምምድ ለማስተማር የሚደክሙት ይህንኑ ለመተካት ነው ለማለት ይቻላል።

ጋሻው ቀዳዳ አልነበረውም ማለት አይደለም። ከአረቄ ተገዝቶ ወደ ጠላ፣ ከጠላ ተገዝቶ ወደ ቢራ የሚሸጋገር ብልጥ በየሰፈሩ አለ። እስከ ፋሲካ የተገዘተም በፋሲካ ማግሥት የሁለት ወሩን አንድ ላይ ይጠጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ግዝቱን ያፈረሰው ሰው ዕጣ ነው። አንድ ቀን ተሸንፎ የቀመሰ ሰው ከዚያ በኋላ የንስሐ አባቱን ይሸሻል፤ ቤተ ክርስቲያን መሳም ይተዋል፤ አንዴ ከፈረሰ ምን ይቀረኛል በማለትም ከቀድሞው አብልጦ ይጠጣል። ቤተ ሰቡም እርግማኑ ይደርስብናል ብሎ ስለሚፈራ ነገሩን ይደብቃል። በዚህ ጊዜ እርሱን ለመርዳት የቆመው ማሰሪያ ከረዳቶቹ ሁሉ ለይቶ ያስቀረዋል።

ከግዝት ቀጥሎ ያለው መንገድ ጠበል ነው። ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ የተወሰዱ ጠጪዎች ጥቂት አይደሉም። ጠበል በጾምና በጸሎት የሚወሰድ ስለሆነ ለአንድ ወይም ለሁለት ሱባኤ፣ ማለት ለ7 ወይም ለ14 ቀን፣ ሰውየው ከመጠጥ ይለያል፤ አብሮት የሚያድር ዘመድም ይኖራል። የማይታዘዝ ሆኖ ከተገኘ ታስሮ የሚወሰድበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ፤ ስለ ሐኪም ቤቱ ሲወሳ ይነሣል።

በመርካቶ ሰፈር የሰፈረው ሕዝብ አብዛኛው እስላም በመሆኑ ወይም ከእስላም ጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር በመሆኑ ሌላም ሁኔታ አለ። መጠጥ ሐራም በሆነበት ቤት ውስጥ የሚጠጣ ልጅ ሲገኝ ኀፍረቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ መደበቁም ይረዝማል። በሌላ በኩል ግን ለመተው የወሰነ ሰው መጠጥ ፈጽሞ የማይቀርብባቸው ሠርግና ኀዘን፣ የማይጠጡ ባልንጀሮችም በዙሪያው ያገኛል። ክርስቲያኑ ተገዝቶ የሚያገኘውን ነፃነት እስላሙ በማኅበሩ ሕግ አግኝቶታል።

አሁን ወደ ገበያው መመለስ ያስፈልጋል። የኢጣልያ ወራሪ ጦር በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቅ ገበያ ለአገሬው ሰው ብሎ ወደ ለየው ምዕራባዊ ክፍል አዛወረው። መርካቶ የሚለው ስም የተወረሰው ከዚያ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ቢባረርም ገበያው ግን በቦታው ጸና፤ እየሰፋም ሄደ። ከጉራጌ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከዶርዜና ከሌላውም አገር እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው በየተራው ገባ።

ይህ ሰው ጥሎት የመጣው መሬቱን ብቻ አይደለም። የጋብቻ ዋሱ፣ የአባቱ ወዳጅ ሽማግሌ፣ ያጠመቀው ካህን ሁሉ በአገሩ ቀርተዋል። ጭድ ተራ ላይ ጭድ የሚሸከም ጎልማሳ ሲሰክር በአባቱ ስም የሚጠራው ሰው የለም፤ አባቱን የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ቤተ ሰብ የአገሩን ሥርዓት በዓመት አንድ ጊዜ ይጠቀምበት ነበር። የጉራጌ ተወላጅ ለመስቀል ወደ አገሩ መግባቱ የታወቀ ነው፤ የመስቀል ሰሞን ከሥጋውና ከክትፎው ጋር የተጣላ የሚታረቅበት፣ የልጆች ነገር በአባቶች ፊት የሚሰማበት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ የከረመው ልጅ ጠጪ መሆኑን ወሬ ቀድሞ ካደረሰ፣ አባቶች በዚያው ያስቀምጡታል ወይም ከተማ ለሚኖር ዘመድ አደራ ይሰጣሉ። ነገር ግን በመስቀል የተሰጠ ምክር ከ11 ወር በላይ ያለ ጠባቂ ሊቆይ ነው።

ይህን ባዶ ስፍራ የሞላው እድር ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ስለ መረዳጃ ልማዶች ሲጽፉ፣ እድርና እቁብ የከተማውን ኑሮ የያዙ ድርጅቶች ሆነው ነበር። እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ነገር ግን በየወሩ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ስም የሚጠራ፣ የቀረውን የሚቀጣ ድርጅት የእያንዳንዱን አባል ቤት ማወቁ አይቀርም። መዋጮው ሦስት ወር የተቋረጠበት ቤት ምን እንደ ደረሰበት የእድሩ ገንዘብ ያዥ ከማንም በፊት ያውቃል። በአያሌ እድሮች ደንብ ሰክሮ ስብሰባ መረበሽ መቀጫ አለው። ከመቀጫውም በላይ የሚፈራው መሰረዝ ነው፤ ከእድር የተሰረዘ ሰው ማን ይቀብረዋል? በዚህ ፍርሃት ምክንያት ባሏ የጠጣውን መዋጮ እንጀራ ጋግራ ወይም ልብስ አጥባ በስሙ የከፈለች ሚስት በብዙ ሰፈር ትታወቃለች። እድሩ ይህን እያወቀ ገንዘቡን ይቀበላል። ደግ ሥራ ነው ቢባልም፣ ባልየው የመጠጡን ዋጋ ሳያውቀው እንዲኖር ያደረገ ደግነት መሆኑ አይካድም።

የእድር ዳኛ ወደ ጠጪው ቤት ሲሄድ ከገጠሩ ሽማግሌ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለ፤ ከማስታረቅ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም፤ ስሙም ይከበራል። የሚለየው የሰውየውን አባት ባለማወቁ ነው። በአባት ስም ፈንታ የሚያነሣው የልጆቹን ስም ነው። «ልጆችህን ማን ያሳድጋቸዋል?» የሚለው ጥያቄ የከተማው ሽምግልና ዋና ቃል ሆነ።

በመርካቶና በአካባቢው ጠላና አረቄ ሻጮቹ በብዛት ሴቶች ናቸው፤ አያሌዎቹም ባል የሞተባቸው፣ የተፈቱ ወይም ከጠጪ ባል አምልጠው የመጡ ናቸው። ለአንዲት ብቻዋን ለቀረች ሴት ጋንና እንስራ ይዞ መጀመር የሚቻል ንግድ ከዚህ ሌላ ብዙ አልነበረም። ስለዚህ የአንዷ ሴት ልጆች የሚያድጉት በሌላዋ ሴት ባል ገንዘብ ነው። በዚህ መካከል የተፈጠረ አንድ ዘዴ አለ፤ የጠጪ ሚስት ወደ ሻጭዋ ዘንድ ሄዳ በዱቤ እንዳትሰጠው፣ ከጨለመም እንድትሸኘው ትለምናለች። ሻጭዋም አንዳንዴ እሺ ትላለች፤ ችግሩን ታውቀዋለችና። ማንም ሽማግሌ ባልተላከበት፣ ምንም ወረቀት ባልተጻፈበት ሁኔታ ሁለት ሴቶች በደጃፍ ቆመው ያደረጉት ይህ ስምምነት በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ አልተመዘገበም፤ ከብዙው ግዝት ይልቅ ሳይሠራ አልቀረም።

የሕግ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና፣ ለጠጪ ቤተ ሰብ ሁለት በር ከፈተ። አንደኛው በቁጥር 339 የሚገኘው ነው። ይህ ቁጥር የአእምሮ ጉድለት ያለባቸውን ሰዎች ከወሰነ በኋላ፣ መጠጥ የለመዱ ሰካራሞችና ገንዘብ አባካኞች እንደ ነገሩ ሁኔታ ከእነርሱ ጋር ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ይናገራል። በዚህ መሠረት የትዳር ጓደኛ ወይም ዘመድ ሰውየው በፍርድ እንዲከለከል ለመጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ከከለከለው ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ሞግዚት ይሾምለታል፤ ያለ ሞግዚቱ የሚፈጽመው ሽያጭም ሊፈርስ ይችላል። ቤቱን ለአረቄ ዕዳ ሊሸጥ ለተዘጋጀ ሰው ቤተ ሰብ ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው።

ይሁን እንጂ የሚጠብቀው ንብረትን ነው። የሰውየውን ጉበት አያድንም፤ እጁ ሲንቀጠቀጥም አይደርስለትም። ከዚህም በላይ ወንድም ወንድሙን እብድ አስብሎ ርስቱን ለመያዝ ሊጠቀምበት ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ሁልጊዜ ይከተለዋል። በጭድ ተራ ለሚኖር የዕለት ሠራተኛ ደግሞ የሚከለከልበት ንብረት የለውም። ሕጉ የተጻፈው ላለው ሰው ነበር።

ሁለተኛው በር የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ነው። ሕጉ የባልና ሚስት ክርክር በቅድሚያ ለሽማግሌዎች እንዲቀርብ አዘዘ፤ ሽማግሌዎቹም አብዛኛውን ጊዜ የጋብቻው ምስክሮች ነበሩ። ቀድሞ በልማድ የነበረው የጋብቻ ዋስ በዚህ ሁኔታ በሕግ ሥልጣን ተሰጠው። ነገር ግን ሕጉ የፍቺ ከባድ ምክንያቶች ብሎ ዝሙትንና ቤት ጥሎ መሄድን ሲያነሣ መጠጥን በስም አልጠራም። ስለዚህ ከሰካራም ባል ለመለያየት የፈለገች ሴት ከባድ ምክንያት የላትም ተብላ፣ «ታገሺ፣ ይመለሳል» እየተባለች፣ ከዓመት ወደ ዓመት ትገፋ ነበር። ሽምግልናው ለእርሱ የሰጠው ጊዜ የተወሰደው ከእርሷ ዕድሜ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ፍቺን ወደ ፍርድ ቤት ሲያዛውር ይህን በደል አቃልሏል። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ሊመክር ይችላል፤ የማስገደድ ሥልጣን ግን ከሽማግሌው እጅ ወጥቷል። ለሴቶቹ የሚገባ እርምጃ ነበር። ጠጪው ግን በግዴታ ተቀምጦ ሚስቱ ስትናገር ይሰማባት የነበረችው አንዲት ክፍል በዚያው ተዘጋች።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ የሰፈር ጠብ ወደ ፍርድ ሸንጎ ይቀርብ ነበር። ሸንጎው የሰከረ ሰው ያነሣውን ጠብ ፈርዷል፤ ሰውየው ለምን እንደሚጠጣ ለመጠየቅ ግን ጊዜም ትእዛዝም አልነበረውም።

በዚህ ሁሉ ዘመን በዚያው በአዲስ ከተማ ውስጥ አንድ ሐኪም ቤት ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ተቋቁሞ፣ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከመርካቶ ገበያተኛ መካከል ስሙን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቀው ግን በስድብ ነው። «አማኑኤል ይግባ» የሚባለው ያበደ ሰው እንጂ የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ጠጪን ወደዚያ መውሰድ ቤተ ሰቡን የእብድ ቤተ ሰብ ማሰኘት ስለ ነበር፣ በሩ ቅርብ ሆኖ ሳለ መንገዱ ሩቅ ሆነ። ባለሙያም አልተትረፈረፈም፤ የአእምሮ ነርሶች በአማኑኤል መሠልጠን የጀመሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው።

ሐኪሙ የሚያውቀው፣ ሽማግሌውና ካህኑ ግን የማያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የሦስተኛው ቀን ነገር ነው። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ አረቄ የጠጣ ሰው አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር ተላምዶ ይሠራል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ይህ ልማድ ይናጋል። ከ6 ሰዓት በኋላ ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊነሣበት ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ከባድ ሱሰኛ የሆነው ሰው ቀንና ሌሊቱን፣ ሰውንና ቦታን መለየት ያቅተዋል፤ በግድግዳው ላይ ትልና አይጥ ሲሄድ ያያል፤ ይጮኻል፤ ትኩሳቱና የልቡ ምት ያሻቅባል። ሕክምና ካላገኘ ለሞት የሚያበቃ ሁኔታ ነው። በዲያዜፓምና በመሰል መድኃኒቶች፣ በፈሳሽና በቫይታሚን ቢ 1 ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

ይህን ይዞ ወደ ቀድሞው ሥርዓት መመለስ ነው። እሑድ በሽማግሌ ፊት ተገዝቶ መጠጡን ያቆመ ሰው፣ ማክሰኞ ሌሊት በግድግዳው ላይ የሚሄድ ነገር አየ ብሎ ቢጮህ ቤተ ሰቡ ምን ይላል? ርኩስ መንፈስ ይዞት ኖሯል፣ ግዝቱ አስለፈለፈው ይላል። አስረው ወደ ጠበል ይወስዱታል፤ ጾም ነውና እህልና ውኃ በአግባቡ አያገኝም። የጠበሉ ሥርዓት በራሱ አልበደለም፤ ያለ ጊዜው ነው የተደረገው። እንዲህ ሆነው ከሞቱት ስንቱ «ጋኔን ገደለው» ተብሎ እንደ ተቀበረ ማንም አልቆጠረም። ሽማግሌው መጠጥ የሚጣልበትን ቀን በዋስና በመሐላ ቆርጦ ሲሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ቀናት የሚጠብቅ ሰው አልሾመም። ለፍትሕ የተበጀ ሥርዓት ስለሆነ አይፈረድበትም፤ ፍትሕ ግን ነገሩን በእሑድ ቀን ይዘጋዋል፤ በሽታው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

በሌላው ዓለም ተመሳሳይ ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 ጠጪዎች ራሳቸው ስማቸውን ሳይገልጡ የሚረዳዱበት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1951 ደግሞ የጠጪዎች ሚስቶችና ቤተ ሰቦች አል አኖን የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። ይህ ማኅበር ለሚስቶች የሚነግራቸው ባላቸውን ለመለወጥ ከመድከም ይልቅ የራሳቸውን ኑሮ እንዲያቃኑ ነው። ቬርነን ጆንሰን የተባለ የኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ግን ይህን መጠበቅ አልተቀበለም። ጠጪው ታች እስኪወርድ ለምን ይጠበቃል በማለት፣ ዘመድና ወዳጅ ተሰብስቦ፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ያየውን ጉዳት በዝርዝር እየነገረ ወደ ሕክምና እንዲገባ የሚጠይቅበትን ዘዴ አበጀ፤ በ1973ም መጽሐፍ ጻፈበት። የሽምግልናን ሥርዓት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ አዲስ ነገር ማግኘቱ ያጠራጥራል። በተጨባጭ ጉዳት መያዙ፣ ያለ ስድብ መናገሩ፣ ሰውየው ባልሰከረበት ሰዓት መምጣቱ ሁሉ በዋሱና በሽማግሌዎቹ ዘንድ የታወቀ ነበር። አንድ ነገር ግን ጆንሰን ጨምሯል፤ ሰዎቹ ለመሰብሰብ ሲነሡ የሕክምናው አልጋ ቀድሞ ተይዞ ይጠብቃል።

ከዚያም በኋላ ነገሩ በጥናት ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዊልያም ሚለርና ሮበርት ማየርስ ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ለሕክምና እምቢ ያሉ ጠጪዎች ያሏቸውን 130 ቤተ ዘመዶች በሦስት መንገድ አሠለጠኑ። በአል አኖን መንገድ ከሄዱት ቤተ ሰቦች ከመቶ 13ቱ፣ በጆንሰን መንገድ ከሄዱት 30ዎቹ፣ በሦስተኛው መንገድ ከሄዱት 64ቱ ጠጪያቸውን ወደ ሕክምና አስገቡ። በጆንሰን መንገድ ቁጥሩ ያነሰው ዋናው ምክንያት አብዛኞቹ ቤተ ሰቦች ፊት ለፊት ተቀምጦ መናገሩን ፈርተው ስላልፈጸሙት ነው። ሦስተኛው መንገድ ጉባኤ አይጠራም። ሚስትን ወይም እናትን ያሠለጥናል፤ ሰውየው ሳይጠጣ ሲገባ እንድታጫውተው፣ ሰክሮ ሲገባ እንድትርቀው፣ የመጠጡን ጉዳት ከራሱ ላይ እንዳታነሣለት፣ ራሷንም ከዱላ እንድትጠብቅ፣ ሕክምና የሚለውን ቃል ለመናገር ትክክለኛውን ሰዓት እንድትጠብቅ ያስተምራታል። በጭድ ተራ ደጃፍ ከአረቄ ሻጭዋ ጋር የተዋዋለችው ሴት የዚህን ትምህርት መጀመሪያ በራሷ አግኝታው ነበር። የእድሩን መዋጮ በባሏ ስም መክፈሏን ግን ትምህርቱ ያስተዋት ነበር፤ ወይም በስሙ መክፈሉን ትታ በራሷ ስም አባል እንድትሆን ይመክራት ነበር።

በኢትዮጵያ የነገሩን ስፋት ለመለካት ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ነው። በዚያ ጥናት ከመቶ 3.7ቱ አጠጣጣቸው ችግር ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። መለኪያው አራት ጥያቄዎች ነበሩ፤ መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለህ ታውቃለህ፣ ሰዎች በመጠጥህ ሲነቅፉህ ተናደህ ታውቃለህ፣ በመጠጥህ ተጸጽተህ ታውቃለህ፣ ጠዋት ተነሥተህ መጠጥ ቀምሰህ ታውቃለህ የሚሉ ናቸው። አራተኛውን ጥያቄ የመርካቶ አረቄ ሻጭ ሳትጠይቅ ትመልሰዋለች፤ ማለዳ በሯን የሚያንኳኩትን በስማቸው ታውቃቸዋለችና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል። በእንጨት ጫፍ ላይ ለተደፋችው ጣሳ ግን አዋጁ አይደርስባትም።

ዛሬ በአዲስ አበባ አዲስ ቤት የሚሠራው በብሎኬትና በሲሚንቶ ነው፤ ጭቃ የሚረግጥ እግርም እያነሰ ሄዷል። ሽምግልናው ግን አልቀረም። ጠጪው ወደ አማኑኤል ሲመጣ አሁንም ብቻውን አይመጣም፤ ከኋላው ወንድም፣ የእድር ሰው፣ አንዳንዴም መስቀሉን የያዘ የንስሐ አባት ይቆማል። ሐኪሙ በቅድሚያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ጠጪው አያስታውስም፤ ሽማግሌዎቹም እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ሰዓቱን የምትናገረው በር አጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመችው ሚስት ናት።